የረጋው ደም አይጣልም

«እትዬ አይጣልም» የሚለውን ስም ያወጡላት የላቦራቶሪው ልጆች ናቸው። ሊያሾፉባት ነበር፤ እሷ ግን ወደደችውና ስሙ ጸንቶ ቀረ። ቤቷን ያየ ሰው አይፈርድባቸውም፤ ድስቱ የጠፋ ክዳን፣ ሽቦው የወለቀ ጃንጥላ፣ ጓደኛው የሌለ አንድ እግር ጫማ ሳይቀር በወግ በወጉ ተቀምጧል። «እኔንም እስካሁን ያልጣልሽኝ በዚሁ አመልሽ ነው» ይላታል ባሏ። እሷም አትክድም።

በሥራዋ ግን ቀልድ አታውቅም። ከቀዶ ሕክምና ክፍል እንዳይበሰብስ በፎርማሊን ተነክሮ የሚመጣውን የሰው ሥጋ የላቦራቶሪው ወጣት ሐኪም ትቆራርጠዋለች። ቁራጮቹ ካሴት በሚሏት፣ ቀዳዳ በቀዳዳ በሆነች ትንሽ የፕላስቲክ ሳጥን ይገቡና ማሽን ውስጥ ያድራሉ። ጠዋት እትዬ በሰም ታሽጋቸዋለች፣ ከሽንኩርት ልጣጭ አሳስታ በምላጭ ትቆርጣቸዋለች፣ ስላይድ በሚሉት ስስ መስታወት ላይ አንጥፋ፣ ቀለም ነክራ ለማይክሮስኮፕ ታቀርባቸዋለች።

ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት የገባችው ግን ብልቃጥ አጣቢ ሆና ነው። ያን ጊዜ «ደም ብቻ ነው፣ ድፊው» ተብላ አንድ ብልቃጥ ሙሉ የረጋ ደም ወደ ፍሳሽ ደፋች። ደሙ ከማህፀን ውጭ አርግዛለች ተብላ አንዱ የማህፀን ቱቦዋ የወጣላት የአንዲት ሴት ነበር። ቱቦው ተመረመረና «ምንም አልተገኘም» ተባለ። እርግዝናው ሌላ ቦታ ይሆናል ብለው የሴትየዋን ሆድ እንደገና ከፈቱት፤ ምንም አልነበረም። የተፈለገው ነገር ለካ ከደሙ ጋር ፍሳሽ ወርዷል። እትዬን ማንም አልወቀሳትም፤ እሷ ግን እስከ ዛሬ ለራሷ ይቅርታ አላደረገችም።

ባለፈው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ያው ነገር ዞሮ መጣ፤ እንደዚያችኛዋ ቱቦዋ የወጣላት የአንዲት ልጅ ብልቃጥ ነበር። ወጣቷ ሐኪም ማይክሮስኮፑ ላይ እንደጎበጠች ብዙ ቆይታ ቀና አለች።

«እትዬ፣ ቱቦውን አንድም ሳላስቀር አየሁት። የእንግዴ ልጅ ምልክት የለውም።»

«ልጅቷስ?»

«የእርግዝና ሆርሞኗ እንደታሰበው አልወረደም። ሌላ ቦታ ይኖራል ብለው ፈርተዋል። ነገ አራት ሰዓት ላይ እንደገና ሊከፍቷት ነው።»

እትዬ ብልቃጡን አነሳች። ከታች ጡጫ የሚያህል የረጋ ደም ተኝቷል፤ ማንም አልነካውም። ያልተነካበት ምክንያት ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፤ ካሴት እያለቀ ስለሆነ ለረጋ ደም መጠቀም በጥብቅ የተከለከለ ነው ይላል። ማኅተም ስላለበት ማንም «ለምን?» ብሎ አይጠይቀውም።

«ከቱቦው አምልጦ ደሙ ውስጥ ወድቆ ቢሆንስ?» አለች እትዬ።

«ሊሆን ይችላል። ግን ማስታወቂያው…»

«እኔ መነጽሬን ረስቻለሁ፣ ምን ይላል?» መነጽሯ አፍንጫዋ ላይ ነበር።

ሐኪሟ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ምላጩን አነሳች። እሷ ደሙን ስትቆራርጥ እትዬ ካሴት ትሞላለች። ስምንተኛው ላይ የክፍሉ ኃላፊ ደረሱ።

«ለደም የሚሆን ካሴት የለንም ብያለሁ፣ እትዬ።»

«ለደም ከሌለ ለልጅቷ ይሁን።»

«ነገ ደብዳቤ ይደርስዎታል።»

«ይድረሰኝ። ካሴቱ ግን ማሽን ውስጥ ያድራል።»

ወይ ፍንክች። አሥራ አራተኛውን ዘግታ ማሽኑን አስነሳች።

በማግስቱ ከጧቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሥራ ገብታለች። ሰሙ እስኪቀዘቅዝ ቆማ ጠበቀች። አንደኛው ስላይድ፣ ሁለተኛው፣ አምስተኛው፤ ሐኪሟ በእያንዳንዱ ራሷን ትነቀንቃለች። ሦስት ሰዓት አለፈ። ዘጠነኛውም ደም ብቻ ሆነ። እትዬን አሁን ፍርሃት ያዛት። የዚያችኛዋ ሴት ነገር እንደገና ሊደርስ ነው አለች በልቧ፤ እየፈራችም መቁረጧን አላቆመችም።

አሥራ አንደኛው ላይ ሐኪሟ ራሷን አልነቀነቀችም፤ ስላይዱን መልሳ መላልሳ አየችው። እትዬ ምላጩን አስቀመጠች።

«ይምጡ፣ ይዩት።»

ከቀዩ መሃል ጣት የሚመስሉ ሐመር ቅርንጫፎች ይታያሉ፤ የእንግዴ ልጅ ጅምር። እርግዝናው ቱቦው ውስጥ ነበር፤ ከቱቦው ጋርም ወጥቷል። ሐኪሟ ስልኩን አንስታ ደወለች። ልጅቷን ከነአልጋዋ ኮሪደር ላይ አድርሰዋት ነበር፤ መለሷት። ከእንግዲህ ሆርሞኗ እስኪወርድ በደም ምርመራ ብቻ ይከታተሏታል። እትዬ መታጠቢያ ቤት ገብታ አለቀሰች፤ ለዚህችም፣ ለዚያችም።

ደብዳቤው ከሰዓት በኋላ ደረሰ። የተከለከለውን የፈጸሙበትን ምክንያት በሦስት ቀን ውስጥ በጽሑፍ ይግለጹ ይላል። ሦስት ቀን አላስፈለጋትም፤ እዚያው ቆማ ጻፈች።

«አሥራ አራት ካሴት ተጠቅሜአለሁ። ነገም እንዲህ ያለ ብልቃጥ ከመጣ እጠቀማለሁ።»

ሐኪሟ እስክሪብቶውን ከእጇ ተቀበለች፤ ከስሩ «እኔም» ብላ ፈረመች።