ደመና ላይ የተቀመጠው ምዕራፍ

ልቦለድ በየትኛው ሶፍትዌር ይጻፍ እያሉ ቪዲዮ የሚሠሩ ሰዎች መብራት ጠፍቶባቸው የሚያውቅ አይመስለኝም። ምዕራፉን በካርድ የሚደረድር፣ የገጸ ባሕርያቱን የዓይን ቀለም ሳይቀር የሚይዝ ፕሮግራም አለ ብለው ቢያስጎመጁኝ፣ በማስተምርበት በወልድያ ኔትወርክ ደህና የሆነ ቀን ጠብቄ በትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር አወረድኩት። በአማርኛ ስጽፍበት ባዶ ሳጥን ደረደረልኝ። ገጸ ባሕርይዋ ሳጥን፣ አባቷ ሳጥን፣ የሐራ ገበያም ሳጥን። ሰድቤው አጠፋሁት።

ስልክም ሞከርኩ። "አንቱ" ብዬ በጻፍኩ ቁጥር ኪቦርዱ "አንተ" እያለ ያርመኛል። በእኛ አገር አባቷን አንተ የምትል ልጅ ምን እንደምትባል የሚነግረው ሰው አላገኘም። በድምፅ የሚጽፈው ደግሞ የወሎ ዜማ ሲሰማ ግራ ይገባዋል። "አብሽር" ስለው "አብስል" ብሎ ጻፈልኝ። ብቻዬን ሳቅኩ፤ ከሳቅኩ ቆይቼ ስለነበር ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ።

ይህን ሁሉ ያማረጥኩት የጀመርኩት ልቦለድ ከነላፕቶፔ በጦርነቱ ስለተዘረፈ ነው። ለላፕቶፑ አላለቀስኩም። በዚያው ሰሞን ታላቅ ወንድሜ ከመርሳ ወጣ ብሎ ካለው ቀያችን ከብቶቹን ሊያስገባ እንደወጣ ተባራሪ ጥይት አገኘው። መንገድ ተዘግቶ ስለነበር የደረስኩት ከተቀበረ በኋላ ነው። ብደርስም ለውጥ አልነበረውም፤ በእኛ በሙስሊሞቹ ወግ ሴት ቀብር አትወጣም። ወንድሜ እንዴት አፈር እንደገባ የማውቀው ከአባቴ አፍ ብቻ ነው።

እሳቸውም የነገሩኝ አንዴ ነው። "አንድ ጊዜ እነግርሻለሁ ልጄ፤ ሁለተኛ እንዳትጠይቂኝ፣ አልችልም" አሉኝ። ለከፈን የሚሆን አቡጀዲ እንዳልተገኘና የራሳቸውን ጋቢ እንዳለበሱት ነገሩኝ። ወደ መቃብሩ መሄድ ስላልተቻለ ከሁለት ጎረቤቶች ጋር ማሽላው ዳር ቆፈሩ። አፈሩን ሲመልሱ ድንጋይ ድንጋዩን በእጃቸው እየለቀሙ ነበር፤ ለምን ብዬ ስጠይቃቸው "እንዳይቆረቁረው" አሉ። በነጋታው ሁሉንም በእሳቸው አነጋገር ስልኬ ላይ ጻፍኩት። አዲሱ ልቦለድ የተነሳው ከዚህ ምዕራፍ ነው፤ ሌላው ሁሉ ቢጠፋ ይህ እንዲጠፋ አልፈለግኩም።

ትምህርት ቤታችን ኮምፒውተር የሚያስተምረው ባልደረባዬ መፍትሔ ነበረው። "ሁለተኛ ዕቃ ላይ እንዳታስቀምጪ። ኢንተርኔቱ ላይ፣ ደመናው ላይ ጫኚው። ሌባ አይደርስበትም።" ክላውድ ማለት ሲችል ደመና እያለ የሚተረጉም ሰው ነው። ጫንኩት፤ ከስልኬም አጠፋሁት። ለአባቴም ሄጄ ነገርኳቸው።

"ደመና ላይ?" ብለው ሳቁብኝ። "ምነው ልጄ፣ ተምረሽ ተምረሽ! የእኛ የሀብሩ ገበሬ ደመና አምኖ ስንቴ ዘሩን እንደቀበረ አልሰማሽም?"

"ቀበረ" የሚለው ቃል ካፋቸው ከወጣ በኋላ ፊታቸውን ወደ ማሽላው አዞሩ። እኔም ሌላ ወሬ አመጣሁ።

ከዚያ ኢንተርኔት ተቋረጠ። ለጥቂት ቀን መስሎን ነበር፤ ወራት ሆነ። ስልኬ የምዕራፉን ርዕስ ያሳየኛል፤ ስነካው ክቡ መሽከርከር ይጀምራል፣ ይሽከረከራል፣ አይከፍትም። ባልደረባዬ ሌባ እንደማይደርስበት ነግሮኛል፤ እኔም እንደማልደርስበት አልነገረኝም። ደሴ ኢንተርኔት አለ ሲባል እዚያ ሄጄ ልክፈተው ብዬ ተሳፈርኩ፤ ውርጌሳ ላይ መንገዱ ተዘግቷል ተብለን ተመለስን።

በዚያው መሐል አባቴ መርሳት ጀመሩ። ከመርሳ ነኝ ስል "እኛንም እንዳትረሺን" እያሉ የሚቀልዱብኝ ባልደረቦች አሉ፤ ያን ቀልድ አሁን አልወደውም። መጀመሪያ የበሬውን ስም ረሱ፤ ቀጥሎ የሰገዱትን ሶላት። አንድ ቀን ምሳ ቀርቦ "ልጄ ምነው ዘገየ?" አሉ። የወንድሜ ሚስት ናት አብራቸው ያለችው። እውነቱን ነገረቻቸው፤ ገና ያኔ እንደሰሙ ሆነው አለቀሱ። በማግስቱም ጠየቁ፤ በማግስቱም አለቀሱ። በሦስተኛው ግን "ገበያ ወርዷል አባ፣ ይመጣል" አለቻቸው። ይህን ስትል ፊቷን አየሁት፤ ከዚያ ወዲህ እሷን ቀና ብዬ ማየት እፈራለሁ።

ምዕራፉን ከራሴ ልጻፈው ብዬ ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ። ነገሩን አውቀዋለሁ። ጋቢው አለ፣ ማሽላው አለ፣ ድንጋዩም አለ። የሳቸው ቃል ግን የለም፤ የምጽፈው ሁሉ የአስተማሪ አማርኛ ይሆንብኛል። ሲብስብኝ ያልተፈቀደልኝን አደረግኩና "አባ፣ ያን ቀን እንዴት እንደነበር እስቲ ይንገሩኝ" አልኳቸው። "የቱን ቀን?" አሉ።

ኔትወርኩ ሲመለስ እሳቸው ዘንድ ነበርኩ። ስልኬ መንጫጫት ሲጀምር ሌላውን ሁሉ ትቼ ምዕራፉን ነካሁት፤ ተከፈተ። አንድ ቃል አልጎደለም። እንደ ሞኝ፣ የገዛ ቃላቸውን ቢሰሙ ይመለሳሉ ብዬ አሰብኩ። ማልቀሳቸውንም አስቤበታለሁ፤ ቢያለቅሱም አብረን እናለቅሳለን፣ ቢያንስ ልጃቸውን ያውቁታል አልኩ። የወንድሜ ሚስት ምን ላነብ እንደሆነ ስነግራት ልብስ አጥባለሁ ብላ ወጣች።

አጠገባቸው ተቀምጬ አነበብኩላቸው። ልቦለድ ስለሆነ ስም የለውም፤ እሳቸው "እኔ" ያሉትን "ሰውየው" ብዬዋለሁ። ስለ ጋቢው ሳነብ አንገታቸውን ነቀነቁ። ድንጋዩ ጋ ስደርስ ስልኩን አወረድኩት፤ እሳቸው ግን "እህ፣ ቀጥዪ" አሉኝ። ቀጠልኩና ጨረስኩት።

"ሰውየው የየት አገር ነው?"

"የዚሁ የሀብሩ ነው አባ።"

"ያ ረቢ! አላህ ሶብሩን ይስጠው። ልጅን መቅበር ከባድ ነው ይላሉ።" በመዳፋቸው ፊታቸውን አበሱ። "እኔን እንኳ አላህ ከዚህ ጠብቆኛል፣ አልሐምዱሊላህ። በይ እንጂ አንቺም።"

"አልሐምዱሊላህ" አልኩ።