በአልጋ ላይ የተገነባው ፎቅ

ቱንቢ ከወደቀ በኋላ ብዙ ነገር ተወ። ጢሙን መላጨት ተወ፣ ከጎረቤት ጋር መጨዋወት ተወ፣ የሥራ ቦታውን ወሬ መጠየቅ እንኳ ተወ። አንድ ቤት ግን አልተውም አለ። ቤቱ ባለ አንድ ፎቅ ነው፤ ፊቱን ወደ ፀሐይ መውጫ ያዞረ፣ ከላይ ሰፊ ሰገነት ያለው፣ ማዕዘኑ ሁሉ ቢላዋ የቆረጠው የሚመስል። መሬቱ የማን እንደ ሆነ ቢጠየቅ መልስ አልነበረውም፤ ቤቱ የቆመው በቱንቢ ግንባርና ከአልጋው በላይ ባለው የጣሪያ ቆርቆሮ መካከል ነበርና።

ወላጆቹ ያወጡለትን ስም የሚያስታውሱት ጥቂቶች ናቸው። ግንበኞች የግድግዳን ቀጥተኛነት የሚለኩባትን፣ ጫፏ ላይ ብረት የተንጠለጠለባትን ገመድ ቱንቢ ይሏታል፤ እሱም በዓይኑ ብቻ ከእርሷ እኩል ስለሚፈርድ ስሟን ወረሰ። አጥር ተደግፎ የሚያወጋው ሰው ቢያገኝ ወሬውን አቋርጦ አጥሩ ወዴት እንዳዘነበለ ይነግረዋል። ሚስቱ፣ «እኔንም ያጨኝ ትከሻዬ እኩል መሆኑን አይቶ ነው» እያለች ታስቅበት ነበር።

ሥራ ሲጀምር የማይጥሰው ሥርዓት ነበረው፤ ሙያውን ካስተማሩት አረጋዊ የወረሰው ነው። የግድግዳው መስመር መሬት ላይ በኖራ ከተሰመረ ወዲያ፣ መሠረቱ ገና ሳይቆፈር፣ ማንም ያን መስመር ተሻግሮ እንዲያልፍ አይፈቅድም። መግባት የፈለገ ዞሮ በር በሚሆነው ቦታ ይግባ! አንድ ቀን የሚሠራው ቤት ባለቤት ራሳቸው ተቻኩለው ኖራውን ቢሻገሩ፣ «ጌታዬ፣ በግድግዳ እኮ ነው የገቡት!» ብሎ ጮኸባቸው። ሰውዬው ደንግጠው ወደ ኋላ ተመለሱና፣ በሩ ይሆናል በተባለው ቦታ አየሩን ገፋ አድርገው ገቡ። ሠራተኛው ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ ቱንቢ ግን አልሳቀም። ያልቆመው ግድግዳ የማይታየው ሰው የሚያቆመውንም ያጣምመዋል ብሎ ያምን ነበር።

እንዲህ ያለው ሰው ነው፣ ዝናብ ባደረበት አንድ ማለዳ፣ ከመወጣጫው እርጥብ ሳንቃ ላይ ተንሸራቶ የወደቀው። ሐኪም ቤት ከርሞ፣ ቀኝ እግሩ ከጭኑ እስከ ቁርጭምጭሚቱ በጀሶ ታሽጎ፣ ወደ ተከራያት አንዲት ክፍል ተመለሰ። ክፍሏ አልጋ፣ ጠረጴዛና ልብስ የተንጠለጠለበት ገመድ ይዛ ለሰው የተረፋት ቦታ ጥቂት ነው። ሚስቱ በልብስ ንጽሕና ቤት ተኳሽ ናት፤ ጠዋት ወጥታ ማታ ስትመለስ የሆቴል አንሶላ ተሸክማ ትመጣና እቤትም ትተኩሳለች። ጣቶቿ በእንፋሎት ተልጠው፣ ወገቧን ይዛ ስትቀመጥ፣ ቱንቢ ፊቱን ያዞራል።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንቶች የጣሪያውን ምስማር ሲያይ ዋለ። ከዚያ አንድ ጠዋት፣ ሕመሙ ጥርሱን ባስነከሰው ጊዜ፣ ዓይኑን ከድኖ ኖራ ዘገነና መስመር አሰመረ። እንዲያ ተጀመረ። ሲባጎ ወጠረ፣ የሲሚንቶ ልውሱን አቦካ፣ ብሎኬት በብሎኬት ላይ አስቀመጠ፤ አንዱንም በደፈናው አላለፈም፤ የግንበኛ ማንኪያውን ፍጭት ይሰማዋል፣ የሲሚንቶው ሽታ አፍንጫው ውስጥ ይገባል። ሕመሙ ሲበረታ፣ «ይህችን ረድፍ ልጨርስና እጮሃለሁ» ይላል፤ ረድፉ ሲያልቅ ሕመሙ ጋብ ብሎ ያገኘዋል። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ሥራ ያቆማል፤ ልውሱ ይታጠብበታላ!

«ዛሬ ምን ሆነህ ዋልክ?» አለችው ሚስቱ አንድ ማታ።

«የምሥራቁን ግድግዳ እስከ መስኮት አደረስኩ።»

ትክ ብላ አየችው። «ወይ ጣጣዬ! ጭንቅላቱም ተመቷል ለካ፤ እኔ እግሩን ብቻ መስሎኝ!»

ውሎ አድሮ ግን እርሷም ገባችበት። አንሶላ እየተኮሰች ታዳምጠው ጀመር።

«ለመሆኑ የወጥ ቤቱ መስኮት በየት በኩል ነው?»

«በጓሮ።»

«በጓሮ? ሽንኩርት እየላጥኩ የሰው አጥር ሳይ ልኑር? ወደ መንገዱ አዙረው።»

«ግድግዳው እኮ አልቋል!»

«አፍርሰው።»

«አፍርሰው ትላለች! ስንት ብሎኬት እንደሚሰበር ታውቂያለሽ?»

«ያልገዛኸው ብሎኬት ምን ያንገበግብሃል? ደግሞስ ቤቱ ያንተ ብቻ ነው እንዴ?»

ተኳረፉ። በሌለ ቤት ላይ፣ በሌለ መስኮት የተነሣ፣ ባልና ሚስት ጀርባ ለጀርባ ተኝተው አደሩ። ሲነጋ፣ ልትወጣ መዝጊያውን ስትይዝ፣ «አፍርሼዋለሁ፤ ወደ መንገዱ ነው» አላት ፊቱን ሳያዞር። በሩ ተዘጋ። እርምጃዋ ግን ከደጅ ላይ ቆም ሲል ሰማ፤ ትሳቅ ታልቅስ አልለየለትም።

ታላቅ ወንድሟ የዱቄት ፋብሪካ መጋዘን ኃላፊ ናቸው። ድምፃቸው ከክፍሏ ይሰፋል፤ ባዶ እጃቸውንም መጥተው አያውቁም። የቤቱን ወሬ ከእህታቸው በሰሙ ጊዜ ወንበሩን እስኪያንቋቁት ሳቁ።

«ላም አለኝ በሰማይ ሲባል ሰምቼ አውቃለሁ፤ ፎቅ አለኝ በሰማይ ግን ዛሬ ካንተ ሰማሁ!»

«ሲያልቅ ይጋበዛሉ፣ ጋሼ» አለ ቱንቢ።

«በምን ልውጣ? በመሰላል?»

«በደረጃ ነዋ፣ ጋሼ! ደረጃ አለው።»

ጀሶው የተቀደደ ዕለት ሐኪሙ እግሩን ከወዲያ ወዲህ ሞከሩት፤ ከዚያም ዓይናቸውን ሳያሸሹ፣ «አጥንቱ ገጥሟል። ጉልበቱ ግን ከእንግዲህ አይታጠፍም። በምርኩዝ ይራመዳሉ፤ መሰላልን ግን ይርሱት» አሉት።

በማግስቱ ሚስቱ እንደ ወጣች ዓይኑን ከድኖ ወደ ቤቱ ሄደ። በሩን ከፈተ፤ ሳሎኑን አቋርጦ ደረጃው ሥር ደረሰ። እግሩን ሊያነሣ ቢል እግሩ እንደ አጣና ተገትሮ ቀረ። እስከዚያ ቀን ድረስ በዚያ ቤት ውስጥ ሲመላለስ የኖረው ሰው ለካስ ሌላ ነው፤ መሰላል ላይ እንደ ድመት የሚንጠላጠለው፣ ባለ ሁለት እግሩ፣ የድሮው ቱንቢ። ያ ሰው ከሳንቃው ላይ ወድቆ በዚያው ቀርቷል። ለሟች ቤት ሲሠራ መክረሙ ያን ጊዜ ገባው።

ከዚያ በኋላ ዓይኑን ቢከድን የሚያየው ጨለማ ብቻ ሆነ። የሕመሙን ጊዜ የሚያሻግረው አልነበረም፤ ያመዋል፣ ያመዋል፣ እንደ ገና ያመዋል። ምግብ ሲቀርብለት ይገፋል። ሚስቱ ለቀናት ታግሣ በመጨረሻ ጠየቀችው።

«ቤቱ ከምን ደረሰ?»

«ሥራ ቆሟል።»

«ስለ ምን?»

«ግንበኛው አልመጣም።»

ካውያውን አቁማ አየችው። ድካም ከዓይኗ ሥር ጠቁሯል። «ታዲያ ያልመጣውን ስትጠብቅ ልትከርም ነው? እዚህ የተጋደመውን አታሠራውም?»

ቃሉ እንደ እሾህ ተሰካበት። ሲነጋ የተጋደመውን ሰው ቀሰቀሰው። ያን ምርኩዘኛ የኖራውን መስመር ሳያሻግር በበሩ በኩል አስገባውና ሥራውን ከማፍረስ ጀመረ። በኩራት የሠራው ደረጃ ለጤነኛ እግር የተለካ ነበርና ከሥሩ ናደው፤ እያንዳንዱን እርከን ዝቅ፣ ሰፋ አድርጎ ሲያስቀምጥ ሳሎኑ ጠበበ። ግንበኛ ሆኖ የገዛ ደረጃውን ማፍረስ እንዴት እንደሚያሳፍር የሚያውቀው ግንበኛ ብቻ ነው። ቀድሞ ይበር የነበረው ሥራ አሁን ይንፏቀቅ ጀመር። ምርኩዘኛው ጎንበስ ሲል እግሩን ወደ ጎን መዘርጋት አለበት፤ ሲነሣ በግራ እጁ ግድግዳ መያዝ አለበት። ይህን ሁሉ በሐሳቡ ካሳየው በኋላ፣ ቱንቢ ከአልጋው ወርዶ በመሬት ላይ ይሞክረዋል። አንዳንዱ ይሆናል፤ አብዛኛው አይሆንም።

የሚስቱ ታላቅ ወንድም ቁርጡን ይዘው የመጡት በዚህ መሐል ነበር። ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ በዚያ ቀን አልሳቁም።

«የፋብሪካችን በር ዘበኛ ጡረታ ወጥቷል። አለቃውን ለምኜ ቦታውን አስይዤልሃለሁ። ቁጭ ብለህ ነው የምትሠራው፤ ጥላ አለው። ግን ዛሬ ካልነገርኳቸው ለሌላ ይሰጡታል። ምን ልበላቸው?»

ቱንቢ ሚስቱን አያት። እርሷ አንሶላ ታጥፍ ነበር፤ ቀና አላለችም።

«መልስ ከመስጠቴ በፊት፣ ጋሼ፣ አንዴ ወደ ግቢው ልውጣ» አለ።

ከውኃ ቧንቧው አጠገብ የፈረሰ አጭር የግቢ ግንብ አለ፤ አከራይዋ «ከቻልክ አቃናው» ካሉት ሰንብተዋል። ብሎኬቱ ከአሸዋና ከሲሚንቶ ጋር እዚያው ተከምሯል። ሚስቱ ሲሚንቶና አሸዋ አቡክታ ባልዲውን አጠገቡ አኖረችለት። ቱንቢ ምርኩዙን ጣለ፤ እግሩን ወደ ጎን ዘረጋ፤ በሐሳቡ ደጋግሞ እንደ ሠራው ጎንበስ አለ። የመጀመሪያዋ ብሎኬት በቦታዋ ተቀመጠች። ሁለተኛዋም ተከተለች፤ በማንኪያው እጀታ መታ መታ አድርጎ አስተካከላት። ወንድምየው ሳያስቡት፣ «ኧረ ሰውዬው!» አሉ።

ቀጥሎ ለላይኛው ረድፍ አንዷን ብሎኬት በሁለት እጁ አንሥቶ ሊነሣ ሲል፣ ግድግዳ ሊይዝበት ያሰበው እጅ አልተረፈለትም። ሰውነቱ ወደ ጎን አዘነበለ፤ ተንገዳገደና ከነብሎኬቱ በጀርባው ወደቀ። ባልዲው ተገልብጦ ልውሱ ደረቱ ላይ ፈሰሰ፤ ያስቀመጣቸውም ሁለቱ ተናዱ። የጎረቤት መስኮቶች ተከፈቱ፤ ወዲያውም በይሉኝታ ተዘጉ።

«በቃ!» አሉ ወንድምየው እየሮጡ መጥተው። «በቃ እንግዲህ፣ ወንድሜ! በዓይንህ አየኸው። እሺ በለኝና ይብቃህ።»

ሚስቱ አጠገቡ ተንበርክካ ሲሚንቶውን ከአንገቱ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች። «የኔ ጌታ» አለችው በቀስታ፣ «ከመስኮቱም ከፎቁም በፊት እኔን እየኝ፤ ደክሞኛል።»

ከመውደቁ ይልቅ ይህ ቃል ጎዳው። የሁለቱም ዓይን አፉ ላይ ነበር። ከዚያ በጀርባው እንደ ተጋደመ እንዲህ አለ፦

«ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ለሌላ ይስጡት። ዘበኝነት ነውር ሆኖብኝ አይደለም፤ ነገር ግን በር ላይ ቁጭ ብዬ፣ ‹ይሄ ግንብ ተንጋዷል፣ ያኛው አብጧል› እያልኩ ጌቶቹን ሳሰለች በሳምንቴ ያባርሩኛል፤ እርስዎንም አዋርድዎታለሁ። አንቺም መድከምሽን አጥቼው አይደለም፤ ከዛሬ ጀምሮ የማታውን አንሶላ እኔ እተኩሳለሁ፤ ካውያ የሚታጠፍ ጉልበት አያስፈልገውም፤ አንቺ ተኚ። አሁን ያንሡኝና የተናዱትን ሁለቱን እንድመልስ ግንቡ ሥር ያስቀምጡኝ። የወደቅሁት እግሬ ስላልታጠፈ መስሏችኋል፤ ኧረ ወዲያ! አልጋ ላይ ሆኜ ስገነባ ብሎኬቱ ክብደት አልነበረውም፤ ጥፋቴ እሱ ነው። ነገ ክብደቱን ጨምሬ አስበዋለሁ።»