ከፍለው የሚያስተምሩ ሰዎች

ልጄ ለዶክትሬት ከሁለት ዩኒቨርሲቲ ተቀባይነት አገኘሁ ያለችኝ ቀን ደስ ሊለኝ ሲገባ ፈራሁ። አንደኛው አዲስ አበባ ነው፤ እየሠራች፣ ራሷ እየከፈለች ትማራለች። ሌላው ባሕር ማዶ፣ አምስት ዓመት።

«እዚያስ ስንት ትከፍያለሽ?» አልኳት።

«እነሱ ናቸው የሚከፍሉኝ፣ እማዬ። ትምህርቱም፣ ቤቱም፣ ቀለቡም በነሱ ነው።»

የማጥፈውን አንሶላ አስቀመጥኩት።

እኔ አራተኛ ክፍል ሳልጨርስ ነው ከወንጂ የወጣሁት። አባቴ አገዳ ቆራጭ ነበር። አዳማ ገብቼ በሰው ፔንሲዮን አንሶላ እያጠብኩ ሁለት ልጅ አሳደግሁ። ስለ ዶክትሬት የማውቀው የለም። ከፍሎ የሚወስድ ሰው ግን አውቃለሁ። ትልቁ ልጄ ሞጆ ደረቅ ወደብ ጭነት ሲያወርድ አንድ ደላላ አገኘው። «አሁን ምንም አትከፍልም፣ ወጪውን እኛ እንችላለን፣ እዚያ ሠርተህ ትመልሳለህ። የላክናቸው ሁሉም በሰላም ገብተዋል» አለው። በሞያሌ አድርጎ ወደ ደቡብ አፍሪካ ወሰደው። ልጄ ከድንበሩ ማዶ አንዴ ደወለ። ከዚያ ወዲህ ድምፁ የለም። ሞተ ያለን ሰው ስለሌለ ለቅሶ አልተቀመጥንም። አለ የሚልም አልመጣም።

ሴቷ ልጄ ልታጠና የፈለገችው ንግድ ነው። የመቂና የቡልቡላ የሽንኩርት ነጋዴዎች ያለ ወረቀት፣ በቃል ብቻ እንዴት እንደሚተማመኑ። «ይሄን ለማወቅ አምስት ዓመት?» ስላት ትስቃለች። ባለሱቋ ጎረቤታችን ልጄ ዶክተር ልትሆን ነው ሲባል ሰምተው፣ «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እንግዲህ ጉልበቴን ታዪልኛለሽ» አሏት።

«እኔ የማየው የሱቅዎን ጉልበት ነው፣ እማማ።»

«እሱማ ይብስበታል» አሉና ሄዱ።

ሁለቱን ትምህርት ቤቶች እያነጻጸረች ታስረዳኝ ነበር። የአዲስ አበባው ቅርብ ነው፤ ግን አማካሪው ተማሪ ስለሚበዛባቸው መቼ እንደምትጨርስ አይታወቅም። የባሕር ማዶዋ አማካሪ ደግሞ እሷ የምትወደውን ጉዳይ ነው ዕድሜዋን ሙሉ ያጠናችው። እኔ የማስበው ሌላ ነው። አዲስ አበባ ያሉት ገንዘብ ይጠይቃሉ፤ የሚፈልጉት ይታወቃል። እነዚያ ምን ፈልገው ነው የሚከፍሏት?

«ተቀባይሽ ማን ናት?» አልኳት።

«ተቀባይ አይባልም፣ አማካሪ ነው።»

«ምንም ይባል። ላናግራት።»

«ሠላሳ ሊሞላኝ ነው እኮ። እናቴን ይዤ ልቅረብ? ይስቁብኛል።»

«ይሳቁ።»

አኮረፈችኝ። ሳህን ስታጥብ እንኳ ድምፁ ይለይ ነበር። መልስ የምትሰጥበት ቀን ሲቃረብ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። «አንቺ ካላመንሽ አልሄድም። እሱን እንደዚያ ሸኝተሽ፣ እኔን ደግሞ...» አለችና አልጨረሰችውም።

ነጠላዬን አደግድጌ ላፕቶፑ ፊት ተቀመጥኩ። በቪዲዮ የቀረበችው አማካሪ ሽበታም ሴትዮ ናት፣ መነጽር አድርጋለች። አልሳቀችም። ልጄ እየተረጎመች ሰላም ተባባልን።

«እንደሷ ያሉ ልጆች ከዚህ በፊት ወስደዋል አይደል? ሁሉም ደረሱ ወይ በያት» አልኳት ልጄን።

«ደረሱ ሳይሆን ጨረሱ ብዬ ልጠይቃት።»

«ደስ እንዳለሽ።»

ጠየቀቻት። ሴትዮዋ መነጽሯን አውልቃ ረጅም ነገር ተናገረች። ልጄ ወደ እኔ አልዞረችም።

«ምን አለች?»

«ብዙዎቹ ጨርሰዋል አለች።»

«ያን ያህል አውርታ?»

ወደ እኔ ዞረች። «ሁሉም አልጨረሱም አለች። አንዱ ታሞ አቋርጦ አገሩ ገባ። አንዷ ብቸኝነቱ ከብዷት ተወችው። እስካሁን ይደዋወላሉ። ልጅሽም ሊከብዳት ይችላል፣ አይከብዳትም ብዬ ቃል አልገባልሽም አለች።»

ነገሩ የተበላሸ መስሏት አንገቷን ደፋች። እኔ ግን የሰማሁት ሌላ ነበር። ያ ደላላ «ሁሉም» ነው ያለው። ይቺ ሴትዮ ያልሆነላቸውንም ነገረችኝ፤ የት እንዳሉም ታውቃለች። ይህን ሰምቼ አትሂጂ የምልበት አፍ አጣሁ። ያዘንኩትም ያን ጊዜ ነው። ዋሽታኝ ቢሆን ልጄ እዚሁ ትቀርልኝ ነበር።

«ትመጣለች በያት» አልኩ።

ልጄ አልተረጎመችውም። እጄን ይዛ አለቀሰች፤ ሴትዮዋም ሳይነግሯት ገባት።

ከሄደች አንድ ክረምት አለፈ። በቀደም ደውላ ስለ ትምህርቱ ስታወራኝ ቆይታ በመሀል ድምፅዋ ተሰበረ። «ከብዶኛል፣ እማዬ» አለችኝ። ስልኩን እንደያዝኩ ግቢ ወጣሁ፤ ምን ልፈልግ እንደወጣሁ አላውቅም።

«ሴትዮዋ ታውቃለች?» አልኳት።

«ነግሬያታለሁ። ነገ ቤቷ ነይ ብላኛለች።»

«እንግዲያው ሂጂ» አልኳት።