ማህሌት ያልታወቀ

ከሀና ማርያም የወጣሁ ምሽት እህቴ ሰናይት ልጇን ማህሌትን አዝላ እስከ አስፋልቱ ሸኘችኝ። ማህሌት ገና ዳዴ አልጀመረችም፤ አባቷ ልጅቷን ክዶ፣ ፉሪ የተከራየውን ቤት ለቆ ጠፍቷል። ሰናይት "እዚያ ሰው ስትሆን እንዳትረሳን" አለችኝ። ብረሳቸው ይሻል ነበር።

የበርሊን ብርድ አጥንት ይሰብራል፤ ዳቦው ደግሞ ጥርስ ይፈትናል። የመኖሪያ ፈቃድ ቢሮ ያለችው ሴትዮ የቤተሰብ ስም ጠየቀችኝ።

"እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። ግርማ የአባቴ ስም ነው።"

"እሺ አቶ ግርማ፤ አባትዎስ ማን ይባላሉ?"

"ግርማ።"

"ታዲያ እርስዎ ማን ነዎት?"

ይኸው እስካሁን በሟች አባቴ ስም እጠራለሁ።

ሥራዬ ስዊፍት በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ የአይፎን አፕ መጻፍ ነው። ስዊፍት ጠንቃቃ ነው፤ ሊኖርም ላይኖርም የሚችለውን መረጃ "ኦፕሽናል" ይለዋል። የአንድ ሰው መዝገብ ሲፈጠር፣ ባዶውን ቦታ በቃለ አጋኖ "የግድ አለ" ካልከው አፑ ድርግም ብሎ ይዘጋል። በሁለት የጥያቄ ምልክት አማካይነት ምትክ ቃል ካስቀመጥክለት ግን ሰላም ነው። ከዓመታት በኋላ ለማህሌት መዋዕለ ሕፃናት የተማሪ መመዝገቢያ አፕ በነፃ ስሠራ፣ የአባት ስም ባዶ ለሆነበት ምትኩን "ያልታወቀ" አልኩት። አፑ አንድም ቀን አልተዘጋም፤ እኔም ኮራሁ።

በኬጂ ምርቃት ቀን መምህሯ ስልኳን እያየች በማይክ "ማህሌት ያልታወቀ!" ብላ ጠራች። ወላጆቹ ተጠቃቀሱ፤ ከኋላ አንዱ ሳቀ። ሰናይት እዚያው ሆና ደወለችልኝ።

"ሌላ ሰው ቢያደርገው ምንም አልልም ነበር። አንተ? እያወቅክ?"

"አሁኑኑ አስተካክለዋለሁ። የአባት ስም ካለ ያወጣዋል፤ ከሌለ 'ማህሌት' ብቻ ብሎ ያልፋል።"

"ስልኩንስ አስተካከልክ። የሰፈሩን አፍ በምን ትዘጋዋለህ?"

ሳይቸግር ጤፍ ብድር፤ ባዶውን ባዶ ብተወው ምን ነበረበት? አፑ እንዳይወድቅ ስጨነቅ የገዛ እህቴን ልጅ ጣልኳት። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ማሽኑ ያልኩትን ነው ያደረገው።

ማህሌት ስልኩን ከእናቷ እጅ ነጠቀች። ድምፅዋ በደስታ ይንቀጠቀጣል።

"አጎቴ! መምህሬ የአባቴን ስም ጠራችው፣ ሰማህ?"

"ሰማሁ፣ ማሂ።"

"አንተ ነህ አሉ የጻፍከው። ያልታወቀ መቼ ነው የሚመጣው?"