አየሩን ያስገባሁት እኔ ነኝ

በደርግ ዘመን ተሰድጄ ናይሮቢ ስገባ፣ ኢስትሊ በሚባለው ሰፈር መካኒክ ነኝ አልኩ። ማንም አላስገደደኝም። አዲስ አበባ አንድ ጋራዥ ውስጥ ስድስት ዓመት መሥራቴ እውነት ነው፤ የሠራሁት ግን የመለዋወጫ ዕቃ ክፍል ውስጥ ነው። የእያንዳንዱን ብረት ስም አውቃለሁ፣ ጠባዩን አላውቅም። ስደተኛ ሙያ ያስፈልገዋል፤ እኔም የቀረበኝን አነሳሁ።

አንድ ጎረቤት ነበሩኝ፤ የደሴ ሰው፣ የድሮ የሒሳብ አስተማሪ። ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ይላቸዋል። ባለቤታቸው የመውጫ ፈቃድ ተከልክለው ሰባት ዓመት ተለያይተው ኖረዋል። በመጨረሻ ተፈቀደላቸውና በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ በአውሮፕላን ሊገቡ ነው። ጋሼ ኢምባካሲ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሄደው የሚቀበሏቸው በአሮጌ ነጭ መኪናቸው ነበር። የመኪናዋ ፍሬን ደግሞ ሲረገጥ እንደ ራሰ ስፖንጅ ይሰምጣል።

«ፉንዲው ጋ ልውሰዳት?» አሉኝ። ፉንዲ እዚያ አገር መካኒኩ ነው።

«እኔ እያለሁ?» አልኩ። እነዚህን ሁለት ቃላት ስንቴ እንደረገምኳቸው!

ምርመራዬ ትክክል ነበር፤ ይህችን እንኳ አትንፈጉኝ። ፔዳሉ አንዴ ሲረገጥ ወለሉ ድረስ ይወርዳል፤ ቶሎ ቶሎ ሲረገጥ ለጊዜው ይጠነክራል። ዘይቱ አልጎደለም፣ የሚያፈስም የለም። እንግዲህ መስመሩ ውስጥ አየር አለ ማለት ነው። ማስወጣቱ የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዱ ፔዳሉን ረግጦ ይይዛል፤ ሌላው ከጎማው ጀርባ ያለችውን ትንሽ ቡሎን ላላ አድርጎ ያስተነፍስና መልሶ ያጠብቃል። ቡሎኗ ሳትጠብቅ ረጋጩ እግሩን ካነሳ፣ አየር ተመልሶ ይገባል።

ጋሼን መሪው ጋ አስቀምጬ ከኋላው ጎማ ሥር ተንጋለልኩ።

«ይርገጡ!»

«ረግጫለሁ!»

ቡሎኗን ላላ ሳደርጋት ዘይቱ አረፋ እየተፋ መጣ። ደስ አለኝ። ይኼኔ ሁለት ያገር ሰዎች «ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ?» እያሉ ደረሱ። ከመኪናው ሥር ሆኜ አየሁ፤ ሁለት የተወለወሉ ጥቁር ጫማዎች ከበሩ ወደ መሬት ወረዱ። ጋሼ ለሰላምታ ተነስተዋል።

«ኖር!»

«በእግዜር! በሞቴ ይቀመጡ!»

ቡሎኗ በእጄ ላይ አየሯን ፉት አለች።

ሰፈሩ የእኛ ሰው የሞላበት ነው። አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ስድስት ጊዜ ሰው አለፈ፤ ጋሼ፣ ለሕፃን እንኳ የሚነሱ ሰው፣ ስድስቴ ተነሱ። አባቴን የሚያህሉ ሰው በአላፊ አግዳሚው ፊት እግርዎን ያንሱ፣ አያንሱ ብዬ ልዘዛቸው? ይሉኝታ ያዘኝ ብል ግን ራሴን ማሳመር ነው። የፈራሁት ሌላ ነው፤ «መካኒክ ከሆንክ መጀመሪያውኑ ለምን አልነገርከኝም?» እንዳይሉኝ።

ስለዚህ ምን አደረግሁ? ገባሁና ፔዳሉን አምስት ጊዜ ደጋግሜ ረግጬ አጠነከርኩት፤ ወዲያው «ይሞክሩት» አልኳቸው።

«እንደ ድንጋይ! እጅህ ይባረክ!» አሉ ጋሼ።

በማግሥቱ ቀድሜ በራቸው ላይ ቆምኩ። «አብሬዎት ልሂድ» አልኩ። ጋሼ ያከበርኳቸው መሰላቸው። ግራጫ ሱፍ ለብሰው፣ ከረባት አስረው ነበር። እኔ ደግሞ መፍቻና የፍሬን ዘይት በከረጢት ይዣለሁ፤ ሌባስ ቢሆን ከሥራ ዕቃው ይለያል?

መንገድ ላይ ፊታችን ያለ ማታቱ የሚሉት ታክሲ ሰው ለመጫን ድንገት ቆመ። ጋሼ ረገጡ፤ ፔዳሉ ሰመጠ። ደግመው ደጋግመው ረግጠው፣ አንድ ስንዝር ሲቀረን ቆምን። የማታቱው ረዳት ጣራውን እየደበደበ በስዋሂሊ ሰደበን። ስድቡ የእኔ ድርሻ ነበር።

«አየሩ አልወጣም ጋሼ» አልኩ።

«መቼ አወቅህ?»

«ትናንት።»

ሁሉንም ነገርኳቸው። «እንግዲያ የተነሳው የእኔ እግር ነው» አሉ።

«እግሩ የእርስዎ ነው፤ ዝም ያልኩት ግን እኔ ነኝ።»

«ሰባት ዓመት የጠበቅኋትን ሴት በዚህ መኪና ላሳፍራት ነበር» አሉ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከአንድ መጋዘን አጥር ሥር አቆምናት። እዚያ የሚያውቃቸው የለም። እኔም እንደ ሃምሳ አለቃ ጮህኩ፦ «ይርገጡ! እንዳያነሱ! ነግሬዎታለሁ፣ እንዳያነሱ!» ጋሼ ንጉሥ ቢያልፍ የማይነሱ ሰው ሆኑ። አራቱንም ጎማ ዞርኩ። የመጨረሻዋ አረፋ ስትወጣ ፔዳሉ ከላይ ቀጥ አለ። ሰዓቱ ግን ሄዷል።

ስንደርስ መንገደኛው ሁሉ ተበትኖ፣ ባለቤታቸው ሻንጣቸው ላይ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ቀልቷል።

«ሌላ ሴት አግብቶ ነው አልኩኮ!» አሉ ጋሼን አንቀው። «ሰባት ዓመት ቆይቼ ስመጣ፣ አንድ ቀን በሰዓትህ መድረስ ያቅትህ?»

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ ጋሼ። ወደ እኔ ዞር እንኳ አላሉም።

መናገሪያዬ ያን ጊዜ ነበር። ሻንጣውን አነሳሁ።

ስንመለስ ሴትዮዋ ከፊት ወንበር ዞረው፣ «አንተ ልጅ፣ ብቻውን አልተውከውም፤ እግዜር ውለታህን ይክፈልህ» አሉኝ። ጋሼ መንገዱን ያያሉ። እኔ ከኋላ ሻንጣውን እንዳቀፍኩ «አሜን» አልኩ።