ሰዉ እንዴት ወጣ?

በዚያ ሰፈር አንድ ፊልም ይታያል ወይም አይታይም የሚባለው ባለመስኮቱ ሲናገር ብቻ ነበር። ባለመስኮቱ የሲኒማ ቤቱ ፊልም አሳዪ ነው፤ ቅጽል ስሙን ያገኘው ከአዳራሹ በላይ ካለችው ጠባብ ክፍሉና መጽሐፍ ከምታህለው መስኮቷ ነው። በዚያች መስኮት ብርሃኑን ወደ ሸራው ይለቃል፤ በዚያችው መስኮት ቁልቁል ያያል። ትርኢቱ አብቅቶ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ደረጃውን ሲወርድ፣ ለቀጣዩ ትርኢት የተሰለፈው ሰው አንገቱን ያሰግጋል።

«ባለመስኮቱ! ይታያል?»

«ይታያል» ይላል፤ ወይም «አይታይም» ይላል። ሦስተኛ ቃል አይጨምርም። አንድ ቀን የሲኒማ ቤቱ ባለቤት በብዙ ድካም ስላስመጣው ፊልም «አይታይም» ቢል፣ ባለቤቱ ደሙ ፈልቶ «አንተ ሰው፣ መተዳደሪያህ እኮ ነው!» አለው። «መተዳደሪያዬ ማሳየት ነው እንጂ ማመስገን አይደለም» ብሎ መለሰለት።

ፍርዱን ከምን እንደሚያገኘው ግን ማንም አያውቅም ነበር። የፊልም ጥቅል ሲያጠነጥን፣ የተበጠሰ ሲቀጥል፣ መብራቱን ሲጠብቅ የሚውል ሰው አንዱንም ፊልም ከዳር እስከ ዳር እንደማያይ የታወቀ ነው። በር ላይ ትኬት የሚቆርጠው ጢሞ «በአፍንጫው ያሸተዋል» እያለ ይቀልዳል። ሚስቱ እንኳ ጠይቃው አታውቅም። እሷ ልብስ ሰፊ ናት፤ የሚበዛው ሥራዋም አዲስ መስፋት ሳይሆን ያረጀውን መጠገን ነው፤ በሰው ሙያ መግባት አትወድም።

ባለመስኮቱን ከመስኮቱ ያወረደው የገዛ ልጁ ነው። ልጁ መሣሪያ ገጣሚ ሆኖ ነበርና፣ ባለቤቱ ጥቅል የማይሻውን፣ አንድ ቁልፍ ሲነካ በራሱ የሚሄደውን አዲሱን ማሳያ በገዛ ጊዜ የገጠመው እሱ ሆነ።

«እኔ ብተወው ሌላ ሰው ይገጥመዋል፣ አባባ» አለ ልጁ።

«ሌላ ሰው ቢገጥመው የሚጎዳኝ ሌላ ሰው ነበር» አለ አባት።

ከዚያ ወዲያ ልጁ ወደ ሩቅ ከተማ ሄደ፤ በአባትና በልጅ መካከልም ቃል አላለፈም። እናት በየመካከሉ ለልጇ ስልክ ትደውላለች። ባለመስኮቱ ያን ጊዜ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል፤ ነገር ግን ከክፍሉ ወጥቶ አያውቅም።

ሕመሙ በጎኑ ጀመረው፤ ቆይቶም ሥጋውን ጨረሰው። የምርመራው ውጤት በተሰማ ዕለት ዶክተሩ ሚስቱንና ታላቅ እህቱን ለብቻ ጠርቶ፣ ደዌው ጉበቱን እንደወረሰውና ከእንግዲህ የሚሰጠው መድኃኒት ሥቃይ ከማስታገስ እንደማያልፍ ነገራቸው። እሱ በሩ ፊት ለፊት፣ ኮሪደሩ ላይ፣ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ ይጠብቃቸው ነበር። እህትየዋ ገና ከክፍሉ ሳይወጡ የልብስ ሰፊዋን ክንድ ጨመቀች።

«ስሚ፣ እንዳትነግሪው! ወንድሜን እኔ አውቀዋለሁ፤ ከሕመሙ በፊት ወሬው ይገድለዋል።»

«ልጁስ፣ እትዬ? ልጁን ልጥራው እንዴ?»

«ልጁ እየሮጠ ሲመጣ ካየ አይገባውም? ሞኝ ነው እንዴ? ሆድ ይፍጀው በዪ፤ አደራሽን!»

ልብስ ሰፊዋ ሆድ ይፍጀው አለች። ለባልዋም «ቁስለት ነው አሉ፤ ጊዜ ይፈልጋል» አለችው። እሱም «እንግዲያው ስድን በእግሬ ሄጄ ልጁን አየዋለሁ። ታሞ ጠራኝ እንዲል አልፈልግም» አለ። ያቺ «ስድን» የምትል ቃል በጉሮሮዋ እንደ መርፌ ተሰክታ ቀረች።

የመኝታ ክፍላቸው መስኮት የሚያየው የጎረቤትን ግድግዳ ነው፤ በግድግዳው ላይ ከሚወርደው የውኃ ቧንቧ በቀር የሚታይ ነገር የለም። ባለመስኮቱ ቧንቧውን ሲያይ ሰነበተና አንድ ቀን «እስኪ ሄደሽ ፊልም እዪልኝ» አላት። እንዲህ ሆኖ ልብስ ሰፊዋ የከሰዓት በኋላውን ትርኢት ታዘወትር ጀመር። ጢሞም በሩ ላይ ሲቀበላት ዝም ማለት አይሆንለትም።

«እትዬ፣ ዛሬም ለዳኛው ምስክር ሆነው መጡ?»

«ዝም በል አንተ፣ ወንበር አሳየኝ።»

«የኋላውን ይያዙ። የፊተኛው ሞላው ወጥቶ የሰው ቀሚስ ይበላል። ለነገሩ ሥራ የሚመጣው ለእርስዎ ነው፤ ልተወው እንዴ?»

የመጀመሪያው የፍቅር ፊልም ነበር። ሁለቱ ወጣቶች ብዙ ተንከራተው በመጨረሻ ሲገናኙ ልጅቱ በወጣቱ ክንድ ላይ ትሞታለች። ልብስ ሰፊዋ ታሪኩን መንገዱን ሁሉ በልቧ ስትደግመው መጣች፤ አልጋው አጠገብ ተቀምጣም መልካም አድርጋ ተረከችው። መጨረሻው ላይ ስትደርስ ግን ዐይኖቹ ፊቷ ላይ ነበሩ። «ሞተች» የሚለው ቃል ከአፏ አልወጣ አለ።

«ተጋቡ» አለች።

«ሰዉ እንዴት ወጣ?»

ጥያቄው ከመስኮቱ ናፍቆት የመጣ መሰላት። አዳራሹን፣ በሩን፣ ግፊያውን የናፈቀ ሰው ይህን ቢጠይቅ ምን ይደንቃል? ስለዚህ መጨረሻውን ብትዋሸውም የሰዉን አወጣጥ ሳትሰስት ነገረችው። «ቀስ ብሎ ነው የወጣው። አንዱ ሰውዬማ መልበሱን ረስቶ ኮቱን ክንዱ ላይ አንጠልጥሎት ሄደ።»

ባለመስኮቱ ዐይኑን ጨፈነ። «ይታያል» አለ።

ሁለተኛው የጦርነት ፊልም ነበር፤ ወታደሮቹ ድልድዩ ላይ አለቁ። እሷ ግን አንድም ሳይጎድል አሻገረቻቸው። በወንጀል ፊልሙ ያለ ኃጢአቱ የተሰቀለውን ሰው ከገመዱ አውርዳ ወደ ቤቱ ሰደደችው። መጠገን ልማዷ ነውና፣ የተቀደደውን መጨረሻ ሁሉ ከውስጥ በኩል፣ ስፌቱ እንዳይታይ አድርጋ ትሰፋው ጀመር። በእያንዳንዱ ጊዜም እሱ ያንኑ ይጠይቃል፤ እሷም ማን ዐይኑን እንደጠረገ፣ ማን ከማን ጋር ሳይነጋገር እንደወጣ አንድ በአንድ ትነግረዋለች። «ይታያል» ይላታል።

በአስፈሪው ፊልም ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ። እሷ እየተንቀጠቀጠች ብትተርክለትም፣ ሰዉ የማያውቀውን ሰው ትከሻ እየመታ፣ እየሳቀ መውጣቱን ሲሰማ «አይታይም» አለ። ስለ ቀልዱ ፊልምም እንዲሁ ፈረደ፤ ሰዉ ገና ከመቀመጫው ሳይነሣ ስልኩን ያይ እንደነበር ነግራው ነበርና።

«አንተ! እኔ ሆዴን ይዤ ነው የሳቅሁት!»

«አንቺ ለእኔ ልታወሪልኝ ብለሽ ነው የሳቅሽው» አላት።

እሷን ያስገረማት ሌላ ነበር፤ መጨረሻቸውን በጠገነቻቸው ፊልሞች ላይ እሱ የሚሰጠው ፍርድ እሷ ከተረከችለት ታሪክ ጋር ሳይሆን በዐይኗ ካየችው ጋር ይስማማል። ግን አልመረመረችውም። አንድ ቀን ደግሞ ሳታስበው «ምስሉስ?» አላት።

«ጥርት ያለ ነው።»

«አይንቀጠቀጥም?»

«ኧረ አይንቀጠቀጥም።»

ወደ ቧንቧው ዞረ። «ማሳያውን አጥብቆ አስሮታል ማለት ነው» አለ። ማን እንዳሰረው አልተናገረም፤ እሷም ስሙን ለመጥራት ፈራች።

ሕመሙ እየጸና ሄዶ፣ ሾርባ በማንኪያ መቀበል እንኳ በተሳነው ሰሞን ያየችው ፊልም የአንድ ጀልባ ቀዛፊ ታሪክ ነበር። ሽማግሌው ከልጁ ጋር ተቀያይሞ ኖሮ፣ ልጁ ሲመለስ ጀልባዋን ከግንድ ጋር ታስራ፣ ባዶዋን ያገኛታል። መቃብሩ ገና አፈሩ እርጥብ ነው። ልብስ ሰፊዋ መብራቱ ከበራ በኋላም ከወንበሯ ሳትነሣ ሰዉን አየች። ወደ ቤት የወሰዳት መንገድ ረጅም አልነበረም፤ ሆኖም ስፌቷን ለመጨረስ በቃት።

«ልጁ ደረሰ» አለች አልጋው አጠገብ ሆና። «አባትየው ጀልባው ውስጥ ነበር። ተቃቀፉ።»

«ሰዉ እንዴት ወጣ?»

«ምን ወጣ! ማንም ከወንበሩ አልተነሣም። ጢሞ በሩን ከፍቶ፣ ‹ሂዱ› ለማለት አፍሮ ጢሙን ይጎትታል። አንዲት ሴትዮ ስልኳን አውጥታ ቁጥር ትፈልግ ነበር።»

«እንግዲያው ልጁ አልደረሰም።»

«ደርሷል አልኩህ እኮ!»

«ቢደርስ ኖሮ ሰዉ እየተንጫጫ ነበር የሚወጣው።» ድምፁ ቀጭን ነበር፤ ቃሉ ግን አልተሰበረም። «ያቺም ልጅ አላገባችም። ወታደሮቹም ድልድዩን አልተሻገሩም። እኔ መቼ ፊልም አይቼ አውቃለሁ? በሩን ነው የማየው። ሰው ሲገባ ፊቱን አስተካክሎ ይገባል፤ ሲወጣ ማስተካከሉን ይረሳል። ፍርዴ ሁሉ ከዚያ ነው።»

ልብስ ሰፊዋ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ከመጀመሪያው ታውቅ ነበር?»

«ከዚያም በፊት። ከዶክተሩ ክፍል ስትወጡ በሩ ፊት ለፊት ነበርኩ። እህቴ ቦርሳዋን ከፍታ ምንም ሳታወጣ መልሳ ዘጋችው። አንቺ በዚያ ብርድ ሹራብሽን ክንድሽ ላይ አድርገሽ ወጣሽ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«‹ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው› ብላችሁ ተማምናችሁ ነበር። አንቺም መጨረሻውን ስትጠግኚልኝ ፊትሽ ያርፍ ነበር። ብናገር ትፈርሻለሽ ብዬ ፈራሁ።»

«ልጅህስ? ልጃችንስ?»

«አንቺ እስክትነግሪኝ ጠበቅሁ። የማያውቅ ሰው ሆኜ በምን ምክንያት ልጥራው? አንቺ ስትነግሪኝ እጠራዋለሁ አልኩ። ይኸው አልነገርሽኝም።»

እርስ በርስ የተዛዘኑት ሁለት ሰዎች፣ ሲተዛዘኑ የፈጁት ጊዜ የሦስተኛ ሰው ገንዘብ ነበር። ርኅራኄም እንደ ሌላው ነገር ሁሉ ባለቤቱን ካልጠየቀ ስርቆት ይሆናል።

«ጥሪው» አለ ባለመስኮቱ። «አሁን።»

ልጁ ስልኩን ሲያነሣ እናት አላባበለችም። «አባትህ እየሞተ ነው፤ ይጠራሃል» አለች። «ተነሥቻለሁ» አለ ልጁ። መንገዱ ግን ሩቅ ነበር፤ አውቶቡስ ደግሞ የሰው ሐዘን አይቶ አይፈጥንም።

ባለመስኮቱ ትራሱን አስነሥቶ ፊቱን ከቧንቧው ወደ በሩ አዞረ። የላይኛው ፎቅ ተከራዮች እግር ደረጃውን ሲረግጥ በሰማ ቁጥር «እሱ ነው?» ይላል። እህትየዋ በሹክሹክታ «አዎ በዪው፣ ምን አለበት? ይረፍ» ብትላት ልብስ ሰፊዋ ራሷን ነቀነቀች።

«አይደለም። ገና ነው» አለችው።

«እሺ» አለ።

እንደገና እግር ተሰማ። «እሱ ነው?»

«አይደለም። መንገድ ላይ ነው።»

ፀሐይ የጎረቤቱን ግድግዳ መንካት ስትጀምር መጠየቁን ተወ። ዐይኖቹ በሩ ላይ ነበሩ፤ የከደነቻቸው ሚስቱ ናት።

ልጁ የደረሰው በማግስቱ፣ ከቀብር የተመለሰው ሰው ተበትኖ ካለቀ በኋላ ነው። ኮቱ በመንገድ አቧራ ተለውሷል። አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገው፤ ባዶውን አልጋ እያየ ተቀመጠ።

«ምን አለ ስለ እኔ?» አለ። «ይቅር ብሎኛል?»

አክስቱ ቀደመች። «መርቆሃል፣ ልጄ! ስምህን እየጠራ...»

«ተዪ፣ እትዬ» አለች እናት።

እሷም ብትሆን በምላሷ ላይ ያለቀለት ምርቃት ነበራት፤ ከቀብር ስትመለስ መንገዱን ሁሉ ሰፍታው ነበር፤ ከፊልሞቹ ሁሉ ያማረ መጨረሻ ነበር። ዋጠችው።

«አልመረቀህም። ይቅር ብያለሁ የሚል ቃልም አልወጣውም። ጠበቀህ። ደረጃው በተረገጠ ቁጥር ‹እሱ ነው?› ይል ነበር። ቀደም ብሎ ደግሞ ስለ ማሳያው ጠይቆኝ ምስሉ አይንቀጠቀጥም ብለው፣ ‹አጥብቆ አስሮታል› አለ። ይኸው ነው፤ ሌላ የለም። አልዘገየህም፣ ልጄ። ያዘገየሁህ እኔ ነኝ።»

አክስት ፊቷን ሸፈነች። ልጁ የአልጋውን ብረት በጣቱ ነካ አደረገ፤ ማሰሪያው ላልቶ እንደሆነ የሚፈትሽ ይመስል። ከዚያ ተነሣ።

እናት ወንበሯን ወደ በሩ አዙራ አወጣጡን አየች። ደጁ ይበርድ ነበር። ኮቱን ክንዱ ላይ አንጠልጥሎ ወጣ፤ በሩንም አልዘጋውም።