እትዬ ጋ

ወንድሟ ከሞተ ወዲህ ልብስ ሰፊዋ ጌም ቤቱ ደጃፍ ድርሽ ብላ አታውቅም። መንገዱ ቢረዝምባትም በዙሪያው ትሄዳለች። ዛሬ ግን አዲሱ ባለቤት ብርሃን የሚከልል ወፍራም መጋረጃ አሰፍቷታል፤ እሷ ደግሞ የሰፋችውን ራሷ ካልሰቀለች እንቅልፍ አይወስዳትም፤ አመሏ ነው።

በሩ ላይ ስትደርስ መጋረጃውን እንዳቀፈች ቆመች። ያለ እናት ያለ አባት ያሳደገችው ታናሽ ወንድሟ ከትምህርት ቤት ሲወጣ የሚደበቀው እዚሁ ነበር። አመሻሽ ላይ መርፌዋን ደረቷ ላይ እንደሰካች ትመጣና፣ "ና ውጣ፣ ራትህ ቀዘቀዘ" ትለዋለች። ጓደኞቹ ይንከተከታሉ። እሱ ወደ እነሱ ዞሮ "እትዬ መጣች፣ እንዳትነኩኝ" ይልና አንገቱን ደፍቶ ይከተላታል። ምን ማለቱ እንደሆነ ጠይቃው አታውቅም። መንገዱን ሙሉ ትንፍሽ አይልም። ከሞተ በኋላ አንጀቷን የሚበላት ያ ዝምታ ነው፤ በሰው ፊት እያሳፈርኩት ቂም ይዞብኝ ሄደ ትላለች።

ወንበር ላይ ወጥታ መጋረጃውን ስትሰቅል ጎረምሶቹ ከኋላዋ ይንጫጫሉ።

"አለቀልህ፣ እትዬ ጋ ሩጥ" አለ አንዱ።

እጇ ቀጥ አለ። "እትዬ ማናት?" አለች ሳትዞር።

"ጌሙ ውስጥ ያለች ድልድይ ናት፣ እማማ" አላት አንድ ቀጫጫ ወጣት።

ጌሙን የሠሩት ሰዎች ለድልድዩ ያወጡለት ስም ረጅም ነበር፤ አንብቦ የጨረሰው የለም። የድሮ ተጫዋቾች "እትዬ የመጣችበት ድልድይ" አሉት። ቆይቶ "የእትዬ ድልድይ" ሆነ። አሁን ድልድይ የሚለውም ቀርቶ እትዬ ብቻ ነው። ስለ ሴትየዋማ እያንዳንዱ የየራሱን ይፈጥራል፤ አንዱ ወንዙን የገዛች ንግሥት ናት ሲል ሌላው ደግሞ ሰው የምትበላ አውሬ ያደርጋታል።

"ብቻ እትዬ ጋ የቆመን ሰው ማንም አይመታም" አለ ቀጫጫው። "ከቤት ከተጠራህ ስክሪኑ ላይ የምታጫውተውን ሰውዬህን እዚያ አቁመህ ትሄዳለህ፣ እስክትመለስ አይነካም።"

"ማነው እንዲህ ያለው?"

"የድሮው ባለቤት ሲያወራ እንደሰማሁት፣ አንድ ጎበዝ ልጅ ነበር፤ እያሸነፈም ቢሆን ሲጠሩት ይነሳል። ጓደኞቹን 'ለእትዬ ስትሉ' እያለ ለምኖ ለምኖ ልማድ ሆነ።"

ልብስ ሰፊዋ ፊቷን መጋረጃው ውስጥ ደበቀች። ቂም የያዘባት ልጅ በእሷ ስም አይለምንም ነበር። ስንት ዓመት ሙሉ በከንቱ ስትብሰለሰል ኖራለች። እንባዋን ባዲሱ ጨርቅ ጠረገችው፤ ሌላ ሰው ቢያደርገው ኖሮ ጉድ ይፈላ ነበር።

የቀጫጫው ስልክ ጮኸ። እናቱ ነበረች። "መጣሁ፣ ትንሽ ብቻ" አለና ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል ተቀመጠ።

ከወንበሩ ወረደችና ትከሻውን ነካችው።

"ሂድ ልጄ፣ እናትህን አታስጠብቃት። ሰውዬህን እኔ እጠብቅልሃለሁ" አለችው፤ እሱ በተነሳበት ቦታም ተቀመጠች።